ጌሾ ሲወደድ የሚከስረው ማን ነው?

በዚህ ግድግዳ ላይ ስለ ጥናት አያያዝ፣ ስለ ንጽሕና፣ ስለ ስፖርት ውድድር ብዙ ተጽፏል፤ ወደፊትም ይጻፋል። ዛሬ ግን በአንድ መኝታ ክፍል የምንኖር ስምንት ሠልጣኞች ስለ ጠላ ለመጻፍ ተነሥተናል። «ደግሞ ጠላ የግድግዳ ጋዜጣ ላይ ምን ያደርጋል?» የምትሉ እንደማትጠፉ እናውቃለን። የምንጽፈው ስለ መጠጣቱ አይደለም። ስለ መጥመቁ፣ ይልቁንም ለመጥመቅ ስለሚያስፈልገው ነገር ዋጋ ነው።

ምክንያታችን ቀላል ነው። ከስምንታችን አምስታችን ደብተርና እስክሪብቶ ተገዝቶልን፣ የደንብ ልብስ ተሰፍቶልን እዚህ የደረስነው በጠላ ገንዘብ ነው። አንዱ ከጎጃም፣ አንዱ ከጎንደር፣ አንዱ ከወሎ፣ ሁለታችን ከሰሜን ሸዋ መጥተናል። አገራችን ይለያይ እንጂ እናቶቻችን የሚውሉበት ጭስ አንድ ዓይነት ነው። ዘንድሮ ከቤት የሚላክልን የሳሙናና የወረቀት መግዣ በአንዳችን ዘገየ፤ በሌላው አነሰ፤ በሦስተኛው ጭራሽ ቀረ። ምን ሆኑ ብለን ስንጠይቅ ከየአቅጣጫው የመጣው መልስ ተመሳሳይ ሆነ፦ «ጌሾው ተወደደ፣ ብቅሉ ተወደደ፣ እንጨቱ አልቀመስ አለ»። እንግዲህ ለፋሲካ ወደየቤታችን ስንሄድ ነገሩን በደንብ ጠይቀንና ቆጥረን ለመመለስ ተባባልን። የቀሩት ሦስቱ ጓደኞቻችንም የገበሬ ልጆች ስለሆኑ የገብሱን ነገር ከምንጩ ሊያጣሩ ተስማሙ። ከዚህ በታች የምታነቡት ያመጣነው ነው።

በመጀመሪያ አንድ ጋን ጠላ ምን እንደሚፈልግ ለማያውቅ እንናገር። ብዙ ሰው የሚያውቀው ጣሳው ሲሞላ ነውና።

ጋኑ በግራዋ ቅጠል ታሽቶ ይታጠባል፤ በወይራ ጭስ ይታጠናል። ጌሾው ደርቆ በሙቀጫ ይወቀጥና በጋኑ ውስጥ በውሃ ይዘፈዘፋል። ይኸ ጥንስስ ይባላል፤ ሁለት ሦስት ቀን ይቀመጣል። በዚያው ሰሞን ወይም ከዚያ በፊት ብቅሉ ይዘጋጃል። ገብሱ ታጥቦ ውሃ ውስጥ ያድርና በኮባ ወይም በጉሎ ቅጠል ተሸፍኖ፣ ድንጋይ ተጭኖት፣ ሥር እስኪያወጣ ሦስት ቀን ያህል ይከርማል። ከዚያ ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ይደርቃል፤ ወፍጮ ቤት ይሄዳል። ቀጥሎ የእህሉ ዱቄት በውሃ ራስ ራስ ተደርጎ ምጣድ ላይ እየታመሰ እስኪጠቁር ይቆላል። አንዱ አገር እንኩሮ የሚለውን ሌላው ደረቆት ይለዋል። ቂጣም ተጋግሮ የሚቆረስበት ቤት አለ። ይህ ሁሉ ከጥንስሱና ከብቅሉ ጋር ተደባልቆ ድፍድፍ ይሆናል። ድፍድፉ እንደ አገሩ ሙቀትና ብርድ ጥቂት ቀናት ከቆየ በኋላ ውሃ ይሞላበታል፤ አፉ ተመርጎ ይቀመጣል፤ ከዚያ ይጠለላል። ያን ጊዜ ነው ጠላ ሆነ የሚባለው። አተላው ለከብት ይሸጣል። ከዝቃጩ ላይ ደግሞ ውሃ ጨምረው ቅራሪ የሚያወጡ አሉ።

እህሉም እንደየአገሩ ነው። ሸዋ ደጋ ላይ ገብስ ነው። ጎጃምና ጎንደር ዳጉሳም በቆሎም ይገባል። ወሎ ቆላው ማሽላ ነው። ሁሉም ቤት የማይቀረው ግን ጌሾና ብቅል ነው። ሌላው ይለዋወጣል፤ እነዚህ ሁለቱ አይለወጡም። ለዚህ ነው የሁለቱ ዋጋ ከፍ ሲል ጠላ ሻጭ የምትሸሽበት የሚጠፋት።

አሁን ወደ ዋጋው እንምጣ። ብቅል የሚመጣው ከገብስ ስለሆነ ከገብስ እንጀምር። አባቶቻችን «ገብስ የእህል ንጉሥ» ይላሉ። ንጉሥ ብቻውን አይኖርምና የሚፈልገው በዛ። የመጀመሪያው የአገራችን ቢራ ፋብሪካ፣ ጊዮርጊስ፣ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1922 ነው። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዘመን የፋብሪካዎቹ ቁጥር በጣት የሚቆጠር ነበር። በ2000ዎቹ (ዓ.ም.) ግን ነገሩ ተፋጠነ። በ2003 ዓ.ም. ሄኒከን በደሌንና ሐረርን ገዛ። በ2004 ዓ.ም. ዲያጆ ሜታን ገዛ። ደብረ ብርሃን ላይ የሐበሻ ቢራ ፋብሪካ ተከፈተ። ቢራ ያለ ብቅል አይሆንምና በ1970ዎቹ አጋማሽ በአሰላ ከተቋቋመው የብቅል ፋብሪካ ሌላ በጎንደር፣ በኋላም በደብረ ብርሃንና በአዲስ አበባ የብቅል ፋብሪካዎች ተጨመሩ። እነዚህ ሁሉ ገብስ ይፈልጋሉ።

እዚህ ላይ ከአርሲ የመጣው ጓደኛችን እጁን አነሣ። «ቆይ እንጂ! የቢራ ገብስ ሌላ፣ የምግብ ገብስ ሌላ ነው። እኛ ሆልከር እንዘራለን፤ የእናንተ እናቶች የሚያበቅሉት እሱን አይደለም» አለ። ልክ ነው። ገብሱ አንድ ባይሆንም ግን መሬቱ አንድ ነው። ገበሬው ሁለት ጥማድ ካለውና አንዱን ለፋብሪካ ገብስ ካደረገው ለገበያ የሚወጣው የምግብ ገብስ ያንኑ ያህል ይቀንሳል። ይሁን እንጂ ጓደኛችን የተናገረውን ሌላም ቃል መደበቅ ፍርደ ገምድልነት ነው። «የእኛን ቤት ከሣር ወደ ቆርቆሮ ያሻገረው ይኸው የቢራ ገብስ ነው። እኔም የተማርኩት በእሱ ነው» ብሏል። እንግዲህ በአንድ ክፍል ውስጥ፣ በአንዱ አልጋ ላይ ገብስ በመወደዱ የተማረ ተኝቷል፤ በላዩ ባለው አልጋ ላይ ደግሞ ገብስ በመወደዱ የወረቀት መግዣ የቀረበት ተኝቷል። ሁለቱም እውነት ነው። የአንዱን እውነት ለማጉላት የሌላውን ማጥፋት አይገባም።

ገብስ የተወደደው በፋብሪካ ምክንያት ብቻም አይደለም። ማዳበሪያ ከውጭ በዶላር የሚገዛ ነው። የካቲት 2014 ዓ.ም. የሩሲያና የዩክሬን ጦርነት ሲነሣ የማዳበሪያ ዋጋ በዓለም ገበያ ናረ፤ ገበሬውም በዚያው ልክ ከፈለ። ከሐምሌ 2014 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የነዳጅ ድጎማ ደረጃ በደረጃ ይነሣ ጀመር። ነዳጅ ሲጨምር መጀመሪያ የሚጨምረው የጭነት መኪና ሒሳብ ነው፤ ከዚያ ወፍጮ ቤቱ ይከተላል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ ዋጋ እንዲመራ ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። ጠላ ሻጭ ዶላር አይታ አታውቅም። ዶላሩ ግን በማዳበሪያው በኩል፣ በናፍጣው በኩል፣ በቆርቆሮና በጀሪካኑ በኩል ጓዳዋ ድረስ ይመጣል።

ጌሾስ? ጌሾ ከውጭ አይመጣም። የጓሮ ተክል ነው፤ ማዳበሪያም ብዙ አይጠይቅም። ታዲያ እሱ ምን ሆነና ተወደደ? ይህን ጥያቄ የጎጃሙ ጓደኛችን ለአጎቱ አቅርቦት ነበር። አጎትየው ወደ ጓሮ ወስደው አሳዩት። ጌሾ የነበረበት መደብ ጫት ሆኗል። «ጌሾ ለጠላ፣ ጫት ለብር» አሉት እየሳቁ። ጫት በዓመት ደጋግሞ ይቆረጣል፤ ነጋዴው ደጅ ድረስ መጥቶ ይገዛል። በሌላ ቦታ ደግሞ ጓሮው ለባሕር ዛፍ ተለቋል። ስለዚህ በየቤቱ ይገኝ የነበረው ጌሾ ከሩቅ የሚጫን ዕቃ ሆነ ማለት ነው። ከሩቅ የሚጫን ከሆነ ደግሞ የመኪና ሒሳብ አለበት። መንገድ የተዘጋ ለታ ገበያው ጭራሽ ይደርቃል።

የጌሾ መወደድ አንድ ልዩ ጠባይ አለው፤ ይህን ልብ በሉልን። ጌሾ በትንሽ ገበያ የሚሸጠው በመደብ ተቆልሎ ነው። ሻጯ ዋጋው ጨመረ አትልም። መደቡ ነው የሚያንሰው። አምና ሁለት እጅ ሙሉ የነበረው ዘንድሮ አንድ እጅ ከምናምን ሆኗል፤ ዋጋው ግን እዚያው ነው። ገዢዋ «ኧረ አሳነስሽው!» ትላለች። ሻጯ «ምን ላድርግ እኅቴ፣ እኔም እንዲሁ ተሰፍሮልኝ ነው» ትላለች። ሁለቱም ልክ ናቸው። ኑሮ በብር መጨመር ብቻ ሳይሆን በመስፈሪያ ማነስም ይወደዳል። ይህኛው መወደድ በዝምታ ስለሚመጣ ብዙ ሰው አይቆጥረውም።

እንጨቱን፣ ውሃውንና የወፍጮውን ነገር በአጭሩ እንለፈው። እንኩሮ የሚቆላው በእንጨት ነው፤ የባሕር ዛፍ ሸክም ዋጋ የማያውቅ አንባቢ የለንም። ቧንቧ በጠፋ ቀን ውሃም በጀሪካን ይገዛል፤ አንድ ጋን ደግሞ ስንት ጀሪካን እንደሚውጥ ቁጠሩት። የማጠኛው ወይራ ድሮ ከየደኑ ይለቀም ነበር፤ አሁን እሱም ገበያ ወጥቷል።

የጠጅ ጣዮችም ነገር ከዚህ አይሻልም። ማር ሲወደድ ገሚሱን ስኳር የሚያስገቡ እንዳሉ ጠጪው ራሱ ያውቃል። የወሎው ጓደኛችን ሰፈር አንዲት ጠጅ ጣይ «ማሩን አስገብቼ ብሸጠው የሚገዛኝ የለም፤ ስኳሩን አስገብቼ ብሸጠው ስሜ ይጠፋል» ብለው ጠጁን ትተው ሻይ ቤት ከፍተዋል። እንዲህ ያለ ሙያ አንድ ጊዜ ከቤት ከወጣ ተመልሶ ለመግባቱ ዋስ የለውም።

አሁን ደግሞ ፋብሪካና ጓዳ ይህን የዋጋ ጭማሪ እንዴት እንደሚሸከሙት እናወዳድር። የጽሑፋችን ዋና ነገር ያለው እዚህ ነው።

ቢራ ፋብሪካም ይቸገራል። በጌሾ ፈንታ የሚያስገባው ሆፕስ ከውጭ በዶላር የሚመጣ ነው። ማሽኑና መለዋወጫውም እንዲሁ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅም ቢራን አልማረም። ይሁንና ፋብሪካ የሚያደርገው አለው። ከገበሬው ጋር አስቀድሞ ይዋዋላል። ከመከር በኋላ ገብስ በርካሽ ሲገኝ ገዝቶ መጋዘን ያስገባል። ከባንክ ይበደራል። ይህ ሁሉ ካልበቃው ዋጋውን ይጨምራል፤ በማግሥቱ በየመሸታ ቤቱ አዲሱ ዋጋ ይነገራል፤ ጠጪው ያጉረመርማል፤ ይከፍላል። አዲስ አበባ ውስጥ ራሳቸው ጠምቀው ራሳቸው የሚሸጡ አነስተኛ ጠማቂዎችም አሉ። መጋዘናቸው ትንሽ፣ የመደራደር አቅማቸውም አነስተኛ ስለሆነ ጭማሪው የሚከብዳቸው ከትልልቆቹ ይልቅ ነው። እነሱም ቢሆኑ ግን ወደ እነሱ የሚመጣው ደንበኛ ኪሱ የሞላ ነው። ዋጋ ቢጨምሩ አይሸሽም።

የጠላ ቤት ደንበኛ ማን ነው? ግንበኛው፣ ተሸካሚው፣ ዘበኛው፣ ጡረተኛው፣ ገበያ የመጣው ገበሬ። ዕቃው ሁሉ የተወደደባት ሻጭ የምትሸጠው ዕቃው ሁሉ ለተወደደበት ሰው ነው። ጣሳው ላይ ትንሽ ብትጨምር፣ ሦስት ይጠጣ የነበረው ሁለት ይጠጣል፤ ሁለት ይጠጣ የነበረው እግሩን ወደ ሌላ ቤት ያዞራል። ከማሠልጠኛችን ጀርባ ጠላ የሚሸጡ አንዲት እናት አሉ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አተላ ሲያወጡ አግዘናቸው ጠየቅናቸው።

«እማማ፣ ይህን ያህል ከተወደደብዎ ዋጋውን ለምን አይጨምሩም?»

«በማን ላይ ልጨምር ልጆቼ? እዚያ የተቀመጠውን ሰውዬ አያችሁት? ሲሚንቶ ሲሸከም የዋለ ነው። እሱ ላይ ልጨምር?»

«እንግዲያውስ ይክሰሩ ማለት ነዋ!»

«አልከስርም። ትንሽ ትንሽ እያልኩ እችለዋለሁ።»

«ትንሽ ትንሽ እያልኩ እችለዋለሁ» ያሉት ምን ማለት እንደሆነ የገባን በኋላ፣ ከየቤታችን ያመጣነውን ስናገናኝ ነው። መንገዱ ከቤት ቤት አይለይም፤ ደረጃ አለው። መጀመሪያ ጣሳው ይለወጣል፤ ትልቁ ጣሳ ተሰበረ ይባልና ትንሹ ይወጣል። ቀጥሎ እህሉ ይለወጣል፤ ገብሱ ቀንሶ በቆሎው ይበዛል። ሦስተኛ ጌሾው ይቀንሳል። ጌሾ ሲቀንስ ደግሞ ጠላው ምሬቱን ብቻ አይደለም የሚያጣው፤ ቶሎ ይኮመጥጣል። የኮመጠጠ ጠላ ሸማች የለውም፤ ወደ አተላው ይደፋል። አራተኛ ውሃው ይጨመራል። አምስተኛና የመጨረሻው ግን ከጋኑ ውስጥ የለም። ሻጯ ራሷ ናት። ወፍጮ ቤት መክፈሉን ትታ በእጇ ትወቅጣለች። እንጨት መግዛቱን ትታ ራሷ ተሸክማ ትመጣለች። ይረዷት የነበሩትን ሴት ታሰናብትና ሌሊት ትነሣለች። ጌሾው ሲያንስ መደቡ ያንሳል፤ ጠላው ሲቀጥን ጣሳው ያሳያል። የሰው ጉልበት ሲያልቅ ግን በምን ይለካል?

የሰሜን ሸዋው ጓደኛችን ለፋሲካ ቤቱ ሲገባ እናቱ ሙቀጫው ላይ ጎንበስ ብለው አገኛቸው። ድሮ ጌሾውን የሚወቅጡላቸው ሌላ ሰው ነበሩ። «ምነው እማዬ፣ እሳቸውስ?» ቢላቸው «ዘንድሮ እኔው ነኝ፤ እጄ ፈታ ይላል» አሉት። ዋጋ ተወደደብኝ አላሉትም። እጄ ፈታ ይላል ነው ያሉት። ልጁ ዘነዘናውን ተቀብሎ ሲወቅጥ ዋለ፤ በማግሥቱ መዳፉ ቆስሎ ነበር። እሳቸው ግን ይህን በየሳምንቱ ያደርጉታል። ወደ ማሠልጠኛው ሲመለስም የወረቀት መግዣውን በመሐረብ ጠቅልለው ሰጥተውታል። ከየትኛው ደረጃ እንደ ወጣ አሁን እናውቃለን፤ ከአምስተኛው ነው።

ነገሩን በቁጥር እንየው፤ ነገ መምህራን ልንሆን አይደለምን? ቁጥሩ የማንም ቤት አይደለም፤ ለስሌት እንዲመች እኛ ያወጣነው ነው። አንዲት እናት ለአንድ ጋን ጠላ በጠቅላላው 900 ብር አወጡ እንበል። ከጋኑ 60 ጣሳ ወጣ፤ አንዱን ጣሳ በ20 ብር ሸጡ፤ 1,200 ብር ሆነ። አተላው 50 ብር አመጣ። ወጪው ሲቀነስ 350 ብር ይተርፋል። «350 ብር አተረፉ» ብለን እርማት ሰጥተን እንለፍ? አይደለም። ጋኑን ከማጠብ እስከ ጠላው መጥለል ተደምሮ 25 ሰዓት ሠርተዋል እንበል። 350 ለ25 ሲካፈል በሰዓት 14 ብር ነው። ስለዚህ 350 ብሩ ትርፍ አይደለም፤ የጉልበታቸው ደመወዝ ነው፤ ያውም ደመወዝ ለመባል የሚበቃ ከሆነ።

አሁን ዕቃው ተወደደና ወጪው 1,150 ብር ሆነ። ጣሳው እዚያው በ20 ብር ነው። የሚቀረው 100 ብር ብቻ ነው፤ በሰዓት 4 ብር። ውሃ ጨምረው 70 ጣሳ አወጡ እንበል። ሁሉም ከተሸጠ ከአተላው ጋር 1,450 ብር ይገባል፤ 300 ብር ይቀራል፤ በሰዓት 12 ብር። መፍትሔ የተገኘ ይመስላል። ነገር ግን ጠጪው «ዛሬስ ውሃ ሆነ» ብሎ ቢሄድና የተሸጠው 55 ጣሳ ብቻ ቢሆንስ? 1,100 ከአተላው 50 ጋር 1,150 ብር ነው። ወጪውም 1,150። ውጤቱ ዜሮ ነው። ሃያ አምስት ሰዓት ጭስ ውስጥ ተቀምጦ ዜሮ! በመዝገብ ቢጻፍ «አልከሰረችም» ነው የሚባለው። ብር አልጎደለማ!

ለዚህ ነው «አልከስርም» የሚለው ቃል የሚያሳስበን። ጠላ ሻጭ የምትቆጥረው ከኪሷ የወጣውን ነው። ከክንዷ የወጣውን አትቆጥርም፤ ማንም እንድትቆጥር አላስተማራትም። የዋጋ ጭማሪውም የሚጠራቀመው እዚያ ባልተቆጠረው ቦታ ነው። ፋብሪካው ጭማሪውን ወደ ጠጪው ያሳልፋል፤ ነጋዴው ወደ ሸማቹ ያሳልፋል፤ የመኪናው ባለቤት ወደ ነጋዴው ያሳልፋል። እሷ ጋ ሲደርስ የሚተላለፍበት የለም። እሷ ላይ ይቀራል።

ከመካከላችን አንዱ ይህን ሲሰማ «ታዲያ ቢቀር ምን አለበት? ጠላ ስንቱን ቤት አፍርሷል» ብሎ ተከራክሮናል። ክርክሩ ቀላል አይደለም። ጠጥቶ ቤቱን የሚረብሽ አባት፣ ደመወዙን መሸታ ቤት የሚያራግፍ ሰው በየሰፈራችን አይተናል። ስለ መጠጥ ጉዳት ሌላ ጊዜ በዚሁ ግድግዳ ላይ ይጻፍ፤ እኛም እናነባለን። ነገር ግን ጠላ ሻጭ ስትከስር ጠጪው አይጠፋም። ወደ አረቄ ነው የሚሄደው። ርካሹና ኃይለኛው እሱ ነውና። የሚጠፋው የአንዲት እናት የእጅ ሙያ፣ የልጆች ደብተር፣ ማኅበርና ዝክር የሚደገስበት ጋን ነው። መጠጥን ለመቀነስ የሚፈልግ ሰው የእናቶችን ጉልበት በነፃ በማስጨረስ ይቀንሳል ብለን አናምንም።

ምን ይደረግ? እኛ ሠልጣኞች ነን፤ የገብስ ዋጋ በእጃችን አይደለም። ቢሆንም የታዩን ሁለት ነገሮች አሉ።

የመጀመሪያው ከፋብሪካው የሚቀዳ ዘዴ ነው። ገብስ ኅዳርና ታኅሣሥ ይታጨዳል፤ ጥር ላይ ገበያው ላይ ይበዛል፤ ክረምት ሲገባ ይወደዳል። ጌሾና ብቅል ደግሞ በዓልና ሠርግ ሲቃረብ ይንራሉ። ጠላ ሻጭ የምትገዛው ግን ለየጋኑ፣ ለየሳምንቱ ነው፤ ስለዚህ ሁልጊዜ በውዱ ጊዜ ትያዛለች። ከጎንደር የመጣው ጓደኛችን ሰፈር ያሉ ጠላ ሻጮች ዕቁባቸውን ጥር ላይ እንዲወጣ አድርገው በአንድነት ገብስና ጌሾ ገዝተው መከፋፈል ጀምረዋል። መጋዘናቸው የአንዷ ጓዳ ነው። ነቀዝም አይጥም አለበት፤ ፍጹም አይደለም። ነገር ግን ከመከር እስከ ክረምት ባለው የዋጋ ልዩነት አንድ ወር የሚያስተነፍስ ነገር አግኝተውበታል። እናቶቻችሁ ዘንድ ስትሄዱ ይህን ንገሩልን።

ሁለተኛው የእኛው ሥራ ነው። ነገ በየገጠሩና በየከተማው ስንመደብ ትርፍና ኪሣራ የሚባል ትምህርት እናስተምራለን። በየመጽሐፉ ያለው ምሳሌ ነጋዴው በዚህ ገዛ፣ በዚህ ሸጠ የሚል ነው። ከፊታችን የሚቀመጡት ተማሪዎች ግን ብዙዎቹ የጠላ ሻጭ፣ የእንጀራ ሻጭ፣ የአረቄ አውጪ ልጆች ናቸው። ሰዓቱን የሚቆጥር ምሳሌ እንስጣቸው። ልጅቱ ወደ ቤቷ ገብታ «እማዬ፣ ዛሬ ስንት ሰዓት ሠራሽ?» ብላ ብትጠይቅ ገብሱ አይረክስም። እናቲቱ ግን ያልቆጠረችው ነገር እንዳለ ታያለች። ዋጋ ስትቆርጥም፣ ከሌሎች ጋር ስትመካከርም፣ ትቀጥል ወይስ ትተው ስትወስንም ዓይኗን ገልጣ ይሆናል።

እንግዲህ ውድ አንባቢዎቻችን፣ ልማዳችን ነውና ጥያቄ ትተንላችሁ እንሰናበታለን። መልሱን በወረቀት ጽፋችሁ፣ ስሌቱን ጭምር አሳይታችሁ ከዚህ ጽሑፍ ጎን ለጥፉልን።

ጥያቄ፦ ከላይ የተጠቀሱት እናት ወጪያቸው 1,150 ብር ሆኗል። አተላው 50 ብር ያመጣል። ጠላው ሳይቀጥን 60 ጣሳ ይወጣዋል።

ሀ) እንደ ድሮው ለሰዓታቸው 14 ብር እንዲያገኙ አንዱን ጣሳ በስንት ብር ይሽጡ?

ለ) ሲሚንቶ ሲሸከም የዋለው ሰው በዚያ ዋጋ ሊገዛቸው ካልቻለ፣ ልዩነቱን የሚከፍለው ማን ነው?